ስፖርት ለሙድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ስፖርት ጀመርኩ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ ቀነስክ?» ተብሎ ነው። እንቅልፍህ እንዴት ሆነ፣ ንዴትህ በረደልህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን መራመድ የጀመርኩት ለቦርጭ አልነበረም። ከአልጋ መነሳት ተራራ የሆነብኝ፣ ስልክ ሲጠራ በግንባሩ ደፍቼው የምተኛበት አንድ ክረምት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትንና በራሴ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

እውነት ስፖርት ድብርትን ይቀንሳል? ወይስ ወሬ ነው?

ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ድብርት የያዛቸው 156 ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ። ሌላው በሳምንት 3 ቀን ስፖርት ሠራ። ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም መሻሻል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ የሠራው መድኃኒቱ ነበር፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ጥናቱ በተጀመረ በ10ኛው ወር ግን፣ ተሽሏቸው ከነበሩት ውስጥ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ስፖርት ብቻ የሠሩት ላይ ያገረሸው ባነሰ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ አንድ ግምገማ 218 ጥናቶችን፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አየ። እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ዮጋ፣ ክብደት ማንሳት ሁሉም ጠቅመዋል። ዳንስማ ከሁሉም በልጦ ነው የታየው፤ የተሞከረው በጥቂት ሰው ላይ ቢሆንም። እስክስታ የማይቀድማት አክስቴ ይህን ስነግራት «ለዚህም ጥናት ያስፈልጋል?» አለችኝ።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ተፈጥሮ ነው ቀለል የሚለን?

«ኢንዶርፊን» (ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ ሕመም የሚያስታግስና ደስታ ይሰጣል የሚባል ንጥረ ነገር) የሚለው ቃል ከጂም አሠልጣኝ አፍ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደሚባለው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ሰዎች የኢንዶርፊንን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ወስደው ሮጡ። ደስታው አልቀረም። አሁን ብዙ የሚወራለት አናንዳማይድ የሚባል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። ስሙ ራሱ በሳንስክሪት ደስታ ከሚል ቃል የተወሰደ ነው።

ሌላም አለ። 120 አዛውንቶችን ይዞ ለአንድ ዓመት የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን በፍጥነት ተራመዱ፤ ግማሾቹ ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ሠሩ። ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የተራመዱት ላይ በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሌሎቹ ላይ ቀነሰ።

ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። ስንከፋ አንድ ሐሳብ እንደ በሬ ስናመነዥክ እንውላለን። አዲስ አበባ ውስጥ በእግር ስትሄዱ ይህን ማድረግ አትችሉም። ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድ አለ፣ ከኋላ ክላክስ የሚያደርግ ባጃጅ አለ፣ ድንገት ከአጥር የሚወጣ ፍየል አለ። አእምሮ ተገዶ ወደ እግር ይወርዳል።

በሳምንት ስንት ሰዓት ልሥራ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በርታ ያለ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን። መካከለኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሰዓት ማሰር አያስፈልግም። እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ እዚያ ላይ ናችሁ።

150 የሚለው ቁጥር ግን ሰው ያስፈራል። ስለዚህ ሌላ ቁጥር ልስጣችሁ። ኖርዌይ ውስጥ ወደ 34 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለ11 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት፣ ሁሉም ሰው በሳምንት 1 ሰዓት ብቻ ቢንቀሳቀስ ኖሮ በኋላ ከታየው ድብርት 12 በመቶው ባልመጣ ነበር። ፍጥነቱም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። አንድ ሰዓት፣ ያውም በሳምንት!

እኔ እንዲህ ነው የጀመርኩት። ወደ ሥራ የምሄደው በታክሲ ነው። አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀቱ፣ ሬዲዮው፣ የረዳቱና የተሳፋሪው የመልስ ጭቅጭቅ፣ ደረቴ ጠበበኝ። «ወራጅ አለ!» አልኩና ወርጄ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ወረድኩ። 20 ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ቢሮ ስገባ የጥበቃ ሠራተኛው «ዛሬ ምን አግኝተህ ነው?» አለኝ። ምንም አላገኘሁም። በማግሥቱ ታክሲው ሳይቆምም ወረድኩ። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ እስካሁን ዋናው ስፖርቴ ነው።

ለውጡ መቼ ይመጣል?

ሁለት ዓይነት ነው። የዕለቱ አለ፤ ከ10 ደቂቃ እርምጃ በኋላም ይታያል፣ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል። የከረመ ድብርት ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ኪሎ ደግሞ ከሁለቱም ይዘገያል። ለዚህ ነው ሚዛን ላይ እየወጣችሁ አትጀምሩ የምለው። ሚዛኑ በሁለት ሳምንት ተስፋ ያስቆርጣችኋል፤ እንቅልፋችሁ ግን ያኔ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ እንዴት አደርኩ፣ ሙዴ ከ10 ስንት ነው።

ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስለፋ ነው የምውለው። ልብስ አጥባለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። ይሄ ስፖርት አይደለም?

ለልብና ለጡንቻ፣ አዎ፣ እንቅስቃሴ ነው። ለመንፈስ ግን ነገሩ ይለያል። ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሲያነጻጽሩ፣ በትርፍ ጊዜ በፈቃድ የሚሠራ እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር አብሮ ሲታይ፣ የሥራ ልፋት ላይ ግን ይህ አልታየም።

ለእናቶቻችን ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስት ሳፋ ልብስ ያጠበች ሴት ወገቧ ይያዛል እንጂ ልቧ አይቀልም። ማንም አላመሰገናትም፤ ነገም ሌላ ሳፋ አለ። ያው ሴት እሑድ ከጎረቤቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደርሳ በእግሯ ስትመለስ ግን ሌላ ሰው ሆና ነው የምትገባው። ልዩነቱ ጊዜው የራሷ መሆኑ ይመስለኛል። ስለዚህ መልሴ «ተጨማሪ ልፉ» አይደለም። ከልፋቱ ላይ 15 ደቂቃ ተቀንሶ ለእናንተ ይሰጥ ነው። ባልና ልጆች ሳፋውን ይያዙ።

ድብርት ውስጥ ሆኜ እንዴት አድርጌ ልነሳ? ያቃተኝ እኮ መነሳቱ ነው!

ይህን ጥያቄ ስሰማ ራሴን አያለሁ። «ተነሥ፣ ተንቀሳቀስ፣ ይለቅሃል» የሚል ሰው ያናድደኝ ነበር። እግሩ የተሰበረን ሰው «ትንሽ ሩጥ» እንደማለት ነው።

ሁለት ነገር ረድቶኛል። አንደኛው ግቡን እስኪያስቅ ድረስ ማሳነስ ነው። «ዛሬ ስፖርት እሠራለሁ» አልልም። «ጫማዬን አደርጋለሁ» ነው የምለው። ካደረግሁ በኋላ ብተኛም ተሳክቶልኛል። አንዳንድ ቀን በእርግጥም ጫማዬን አድርጌ ሶፋ ላይ ተጋድሜአለሁ። ብዙውን ቀን ግን ጫማ ያደረገ ሰው በር ድረስ ይሄዳል፤ በር የደረሰ ደግሞ ሱቅ ድረስ።

ሁለተኛው ሰው ነው። አንድ ጓደኛዬ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሬ ላይ ይቆም ነበር። «እንዴት ነህ?» አይልም፤ «እየበረደኝ ነው፣ ውረድ» ነው የሚለው። ለራሴ ብዬ የማልነሳውን ለእሱ ብርድ ብዬ ተነሳሁ። ይሉኝታ የሚጎዳን ብዙ ቦታ አለ፤ እዚህ ላይ ግን ተጠቅሜበታለሁ።

ተነሳሽነት እስኪመጣ አትጠብቁ። ድብርት መጀመሪያ የሚወስደው እሱኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም መራመድ ከጀመራችሁ በኋላ ነው።

ስሮጥ ልቤ ሲመታ ጭንቀቴ ይነሳብኛል። ልተወው?

መጀመሪያ ልባችሁን አንድ ጊዜ ታዩ። የደረት ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለ ይህ የስፖርት ጥያቄ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ልቡ ደህና ከሆነ ግን አትተዉት።

የድንገተኛ ጭንቀት ምልክትና የሩጫ ምልክት አንድ ዓይነት ነው፦ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ላብ ይመጣል። ጭንቀት ያለበት ሰው ይህን ሲያይ «አለቀልኝ» ይላል፤ ይህ ፍርሃት ደግሞ ልቡን ይብስ ያስሮጠዋል። ስፖርት ላይ ግን ልብ ይመታል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ ምንም አልሆናችሁም። ሰውነት ይህን በተደጋጋሚ ሲያይ «የልብ ምት ማለት ሞት ማለት አይደለም» የሚለውን ይለምዳል። ባለሙያዎችም ይህንኑ በሕክምና ይጠቀሙበታል።

ሲጀመር በዝግታ ይሁን። 2 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፣ ቀዝቀዝ አድርጉት፣ ልብ ሲወርድ ልብ በሉ፣ ድገሙት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል። ከውጭ የመጣ ዘመዳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው ከፍታው ነው። ጥቂት ቀን ስጡት።

በጾም ጊዜስ?

ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። ለሁለት ወር ቁጭ ማለት አይቻልም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ቀለል ያለውን እርምጃ ልትገድፉ ሲቃረብ አድርጉት፤ ወዲያው ውኃና ምግብ ታገኛላችሁ። ጠንከር ያለው ከበላችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። ረመዳን ላይም ሐሳቡ ያው ነው፦ ወይ ኢፍጣር ሊደርስ ሲል በቀስታ፣ ወይ ከበሉ በኋላ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪም ሳታማክሩ ይህን እንዳትሞክሩ።

ስግደት ስፖርት ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝም አለ። ስግደት ጸሎት ነው፤ ለዚያ ብቻ ይደረግ። ጡንቻ አይሠራም ያለ ካለ ግን የስቅለት ለት የሰገደ ሰው በማግሥቱ ደረጃ ሲወርድ ይየው።

ስፖርት እንቅልፍ ይነሳል ይባላል። እውነት ነው?

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ በቀን የተንቀሳቀሰ ሰው እንቅልፉ ይጠልቃል። ከመተኛታችሁ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ብቻ የሚያስለከልክ ልምምድ አታድርጉ። እንቅልፍ የነሳችሁ ስፖርቱ ሳይሆን በረካው ሊሆን ይችላል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ይወስድበታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ እዚያው አለ። አቦሉን ቀን ላይ አድርጉት።

ጫት ቅሜ ብሠራስ?

አይሆንም። ጫት ራሱ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። በዚያ ላይ ሩጫ መጨመር ልብን በሁለት በኩል መንዳት ነው።

ጂም መክፈል አልችልም። የት ልሂድ?

ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ሂዱ። ደረጃውን እየተጠማዘዘ የሚሮጠው ሕዝብ ለማንም ገንዘብ አልከፈለም። ጃን ሜዳ አለ፣ የእንጦጦ ጫካ አለ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ አስፋልት መኪና ሳይኖርበት ምን እንደሚመስል አሳይቶናል። ሕፃናት መሀል መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ማየት ብቻውን ሙድ ያስተካክላል።

ግብ ከፈለጋችሁ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር ላይ ይካሄዳል፤ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያሯሩጠው ቲሸርቱና ጭፈራው ነው። አብዛኛው ሕዝብ እየዘፈነ ነው የሚጨርሰው። የሯጮች አገር እንባላለን፤ አብዛኞቻችን ግን ሩጫን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው።

ሴት ነኝ። ለከፋው፣ ጠዋት ደግሞ ውሻው አስመርሮኛል።

ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ግን ለከፋው እስኪጠፋ መጠበቅም አይቻልም። የማውቃቸው ሴቶች ያገኙት መፍትሔ ቁጥር ነው፦ ሦስት አራት ሆኖ አንድ ሰፈር መሄድ። ለውሻውም ይሠራል። የውሻ መንጋ ሲገጥማችሁ አትሩጡ፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ካልሆነ ቤት ውስጥ ዘፈን ከፍቶ 20 ደቂቃ መጨፈር ከእርምጃ አያንስም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ክረምቱም ሥራውም አያስወጣም።

ታኅሣሥ ላይ ዋሽንግተን በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ስቶክሆልም ደግሞ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ብርሃን ማጣት ራሱ ሙድ ያወርዳል። ስለዚህ ከተቻለ ጠዋት ብርሃን ሲወጣ፣ ካልሆነ በምሳ ሰዓት ውጡ። ደመና ቢሆንም የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል እጅግ ይበልጣል። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች ተሳፋሪ ስትጠብቁ መኪናውን ዙሩ። ያስቃል፤ ግን ከስልክ ይሻላል።

ሪያድ ወይም ኩዌት ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች ምክሬ አጭር ነው፤ ክፍላችሁም ጊዜአችሁም ጠባብ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ጆሮ ላይ ዘፈን፣ 10 ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ 10 ፑሽ አፕ። ከቀኑ ውስጥ የራሳችሁ የሆነ 5 ደቂቃ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝን ግን ቁጭ ብድግ አይፈታውም። የሚጎዳችሁ ነገር ካለ ችግሩ የእናንተ ሙድ አይደለም፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

ስፖርት ከጀመርኩ መድኃኒቴን ላቁም?

አይ! በራሳችሁ አታቁሙ፤ ድንገት ማቆም ራሱ ይጎዳል። ሊቲየም የምትወስዱ ደግሞ ብዙ ስታላቡ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል ለሐኪማችሁ ንገሩ። ጠበል የምትጠመቁም ካላችሁ ጠበሉ፣ ክኒኑና እርምጃው አይጣሉም።

ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም የማያስደስታችሁ፣ መብላት መተኛት ያቃታችሁ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል አለ፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤል ሄደ መባል የሚያሳፍርበት ዘመን ቢያበቃ ደስ ይለኛል። ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ እርምጃውን ተዉትና አሁኑኑ ሰው አጠገብ ሁኑ። አሜሪካ 988፣ እስራኤል 1201 ላይ ቀን ከሌት የሚሰማ ሰው አለ።

ክረምት ዝናብ ሲሆንስ?

ኮንዶሚኒየም ደረጃ አለ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሊፍት የለንም። ሐምሌ ላይ ከላይ እስከ ታች አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በራቸውን ገርበብ አድርገው ሲያዩኝ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምንም እትዬ፣ ስፖርት ነው። ለጭንቀት ጥሩ ነው ብለውኝ።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወጡ። «እንግዲያው ይችን ለሦስተኛ ፎቋ ልጅ አድርስልኝ፤ ውኃ ጠፍቶባታል።»

ጡንቻ የሚያጠነክረው፣ በሳምንት 2 ቀን ያልኳችሁ፣ እንዲህ ነው የተጀመረው።